ከአዳራሹ በፊት አሥር ሰው ይገኝ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በእስራኤል ከተሞች በየሰፈሩ የሪፎርም (ለዘብተኛው የአይሁድ እምነት ክንፍ) ምኩራብ ለማቋቋም መጀመሪያ ሕንፃና ረቢ ይፈለግ ይላል። አልስማማም። ብዙ ጅምር የሚከስመው በኪራይ ዕዳ ነው። በወር ሁለት ዓርብ ማታ፣ በማትናስ (የሰፈር ማኅበራዊ ማዕከል) ክፍል ወይም በሰው ቤት፣ በሰንበት መቀበያ ጸሎት ይጀመር። በሪፎርም ሥርዓት ሴቱም ወንዱም ስለሚቆጠር አሥር አዋቂ ከተገኘ ሚንያኑ፣ ማለትም ለጋራ ጸሎት የሚያስፈልገው የሰው ቁጥር፣ ሞላ። ቀኑን ብቻ አታቀያይሩ፤ ዝግ በር ያገኘ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

ጠብ የሚነሣው ከጸሎቱ ይልቅ ከማዕዱ ነው። ሁሉም ከቤቱ ይዞ ሲመጣ በአይሁድ ሕግ አብረው የማይበሉት ሥጋና ወተት ይገናኛሉ። ስለዚህ ሥጋ ጨርሶ አይግባ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ሰላጣና የሰንበት ዳቦ ይበቃል። በባህላዊው ወግ በሰንበት መሣሪያ ስለማይመታ፣ ጊታር ይመታ አይመታም የሚለውም አስቀድሞ ይወሰን።

የኦሪት ጥቅል ለመግዛት አትቸኩሉ፣ ተዋሱ። በብራና ላይ በእጅ የተጻፈ 304,805 ፊደል ነው፤ አንዱ ቢሰነጠቅ እስኪታረም አይነበብበትም። በርካሽ የተገዛ አሮጌ ጥቅል የማሳረሚያው ዋጋ ከመግዣው ሊበልጥ ይችላል።

ለወጣቶቹ ደግሞ በሪፎርም ረቢ የተፈጸመ ጋብቻን ራባኑቱ (የአይሁድን ጋብቻ የሚመዘግበው የእስራኤል የረቢዎች መሥሪያ ቤት) እንደማይቀበል ገና ሳይታጩ ንገሯቸው።

ሰፈሩ ውስጥ የኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤላውያን፣ ካሉ በአይሁድ ወር አቆጣጠር ሔሽቫን 29 ለስግድ በዓላቸው የቤተ እስራኤል ቄስ ይጋበዝ። ጸሎቱን በግዕዝ፣ በራሱ ዜማ፣ ሳይቆረጥ ይምራ፤ የአሥር ደቂቃ የመድረክ ትርኢት ማድረግ ሽማግሌዎቹን ክፉኛ ያስቀይማል።