«ተወው» ማለት ብቻውን አያስተውም

ታላቅ ወንድሜ ሲጋራ ለማቆም የወሰነ ሰሞን፣ ከፒያሳ ተነስተን የቸርችልን ጎዳና ይዘን ቁልቁል ወረድን። የምንፈልገው የሲጋራን አምሮት የሚያስታግሰውን የኒኮቲን ማስቲካ ነበር። በየፋርማሲው እየገባን ጠየቅን። ነገሩን በደንብ የምታውቀው አንዲት ፋርማሲስት ብቻ ነበረች፤ «እኛ ጋ የለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ያስመጡ» አለችው። ከበሩ ሳንርቅ ሱቅ በደረቴ አንጠልጥሎ የቆመ ልጅ ከሶፍትና ከከረሜላ ጋር ኒያላ በፍሬ ይሸጣል። ሲጋራ በነጠላ መሸጥ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው።

አገራችን በሕጉ በኩል አትታማም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስን፣ ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥን ከልክሏል፤ ከፓኬቱ ገጽ 70 በመቶውን የማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲይዘው አዟል። ሕጉን ከልቤ እደግፋለሁ። ግን ሥዕሉን አይቶ የደነገጠ አጫሽ ከዚያ ወዴት ይሂድ? በ2006 ያጸደቅነው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት፣ አንቀጽ 14 ላይ፣ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እንዲታገዙም ይጠይቃል። ክልከላውን መንግሥት ያዘው፤ እገዛው ለየቤተሰቡ ተጣለ።

ቤተሰብ የሚያውቀው ደግሞ አንድ ቃል ነው፦ «ተወው!» እኔም ስንት ዓመት ያልኩት ይህንኑ ነው። ወንድሜ ባቆመ በሦስተኛው ቀን እናታችን ላይ ጮኸ። በሕይወቱ ጮኾባት አያውቅም። ማታ ይቅርታ ሲጠይቃት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ ነው አራራ የፈቃደኝነት ማነስ አለመሆኑ የገባኝ። ኒኮቲን በተሳበ በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ዓመታት የለመደ አንጎል ሲነፈግ ይቆጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይጨነቃል። የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ በሳምንታት ውስጥ እየረገበ ይሄዳል። እነዚያን ቀናት የሚያሻግር መድኃኒት በዓለም ላይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ የኒኮቲን ማስቲካንና ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተርን፣ ቫረኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን የተባሉትን ክኒኖች ከምክር አገልግሎት ጋር መክሯል።

«የት እንሂድ?» ለሚለኝ ሰው ስሙን የምጠራለት የአማኑኤል ሆስፒታልን የሱስ ሕክምና ነው። ባለሙያዎቹን አከብራለሁ። ነገር ግን በዚህ ከተማ «አማኑኤል ግባ» ስድብ ሆኖ ኖሯል፤ ቢሮ ውሎ የሚገባ፣ ልጆች የሚያሳድግ አጫሽ ስሙን ሲሰማ ይሸሻል። ስለዚህ እገዛው ወደ ጤና ጣቢያው ይውረድ። ደም ግፊት የምትለካው ነርስ «ያጨሳሉ? ለማቆም አስበዋል?» ብትልና ቀጠሮ ብትሰጥ ሦስት ደቂቃ አይፈጅባትም። ፋርማሲዎቻችን መድኃኒቱን ይያዙ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚል፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በእያንዳንዱ ባለ 20 ፍሬ ፓኬት ላይ የ30 በመቶ ታክስና በተጨማሪ 8 ብር ጥሏል። ከዚያ ላይ ጥቂት ለአጫሹ ይመለስለት።

ወንድሜ ያለ ማስቲካው ነው ያቆመው። የጀመረው በዐቢይ ጾም መግቢያ ነበር፤ የንስሐ አባቱ ምክር ነው። ከሲጋራ ጋር የለመደውን የጀበና ቡና ቦታ ቀየረ። አራራው ሲነሳበት ይደውልልኛል፤ ስለ ኳስም ስለ ቤት ኪራይም እናወራለን፤ ጥቂት ደቂቃ ከታገሠ ያልፍለታል። ፋሲካ ላይ በቢራ መሃል አንድ ለኮሰና ለሳምንት ተመለሰበት። ማንም አልተቆጣውም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንደገና ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ አላጨሰም። አሁን ደውሎ የሚጠይቀው እሱ ነው፤ ባለፈው ሰኞ ፓኬቱን የጣለ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ አለው፣ በየቀኑ በቡና ሰዓት አራት ሰዓት ላይ ይደውልለታል።