የክልሉ ቴሌቪዥን የራሱን ሜዳ ይያዝ

ባሕር ዳር ከተማ እግር ኳስ ክለብ በ2011 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ መጫወት ከጀመረ ወዲህ ስለ ስፖርት ስርጭት በተወራ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የጣና ሞገዶቹን ጨዋታ የክልሉ ቴሌቪዥን በቀጥታ የማያሳየን ለምንድን ነው? ጥያቄው ከቅን ደጋፊ የመጣ ቢሆንም አቅጣጫውን የሳተ ይመስለኛል። የሊጉ የስርጭት መብት ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ በአምስት ዓመት ውል በወርኃዊ ክፍያ ለሚታየው ዲኤስቲቪ በጥቅል ተሸጦ የነበረ ሲሆን፣ እንዲህ ባለው ጨረታ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) ከአህጉራዊ ኩባንያ ጋር ዋጋ ይጋፋ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። አሚኮ ሊይዘው የሚገባው ሜዳ ሌላ ነው፤ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያለው፣ ማንም ያልገዛውና ካሜራ እምብዛም የማይደርስበት ስፖርት።

ለዲኤስቲቪ ፍትሐዊ እንሁን። ውሉ ለክለቦች ገንዘብ አምጥቷል፤ ጨዋታዎችም በብዙ ካሜራ ተቀርጸው በአማርኛ ኮሜንታተር ታጅበው ቀርበዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ መካሄድ በመጀመሩ፣ የባሕር ዳሩ የአባይ ማዶ ሰፈር ደጋፊ ቡድኑን በአካል የሚያየው የማስተናገዱ ተራ ለባሕር ዳር ሲደርስ ብቻ ሆነ፤ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላ ደግሞ ይህም ተራ ራቀው። ቡድኑ በ2015 ዓ.ም. ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም ከውድድር ያስወጣበት ዘመን፣ ወርኃዊ ክፍያ ለማይችለው ቤተሰብ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ዓይነት ነበር። የሚያሳዝነው ነገር ክለቡ እንደ አብዛኞቹ የሀገራችን ክለቦች የሚተዳደረው በዋናነት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ የሕዝብ ገንዘብ መሆኑ ነው። ነዋሪው አንድ ጊዜ የከፈለበትን ቡድን ለማየት ዳግም ይከፍላል።

የአካባቢን ስፖርት በክፍያ ግድግዳ ውስጥ ማስገባት ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት የአሜሪካን ልምድ መመልከት ይበቃል። በዚያ ሀገር የአንድን አካባቢ ቡድኖች ብቻ የሚያሳዩ የኬብል ጣቢያዎች አሉ፤ ለምሳሌ የቦስተንን የቤዝቦልና የበረዶ ሆኪ ጨዋታዎች የሚያሳየው ኒው ኢንግላንድ ስፖርትስ ኔትወርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ገቢያቸው የሚመጣው በአመዛኙ ከኬብል ደንበኞች ወርኃዊ ክፍያ ሲሆን፣ ጣቢያዎቹ ከሌሎች ጋር በአንድ ጥቅል ስለሚሸጡ ስፖርት የማያየው ቤተሰብም አብሮ ይከፍል ነበር። ኢንተርኔት መጥቶ ሰዉ ኬብሉን ማቋረጥ ሲጀምር ይህ ገቢ ከሥሩ ተናደ። ሲንክሌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ከዲዝኒ 21 የአካባቢ ስፖርት ጣቢያዎችን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ በተተመነ ዋጋ ገዝቶ በዳይመንድ ስፖርትስ ስር አሰባሰባቸው፤ ዳይመንድ ግን አራት ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023፣ ከ8 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ ዕዳ ተሸክሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በዚያው ዓመት የፊኒክስ ሰንስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ጨዋታዎቹን አንቴና ያለው ቤት ሁሉ በነጻ ወደሚያየው የአካባቢ ቴሌቪዥን አዛወረ። እዚህ ላይ የወደቀው ደጋፊው ለሰፈሩ ቡድን ያለው ፍቅር ሳይሆን በመካከል የቆመው የክፍያ ሥርዓት ነው።

በባሕር ዳር በየቤቱ የተዘረጋ የኬብል መስመር የለም፤ ያለው ጣሪያ ላይ የተተከለ ዲሽ ነው። አሚኮ በዚሁ ዲሽ በነጻ ይታያል። አሜሪካኖቹ በቢሊዮን ከስረው የተመለሱበት ቦታ ላይ እኛ ምንም ሳናወጣ ቆመናል ማለት ነው፤ የጎደለው የሚታየው ነገር ነው።

የሚታየው ነገር ደግሞ ሞልቷል። ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው ከፍተኛ ሊግ አለ፤ የሴቶች እግር ኳስ፣ መረብ ኳስና የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ፤ በክረምት ሰፈር ከሰፈር የሚጋጠምባቸው ጨዋታዎች አሉ። እ.ኤ.አ. የ2022 የለንደን ማራቶን አሸናፊ አትሌት ያለምዘርፍ የኋላው የዚህ ክልል ልጅ ናት፤ ነገ እሷን የምትተካው ልጅ ዛሬ በአንዱ ዞን ሻምፒዮና ላይ ትሮጥ ይሆናል፣ የሚቀርጻት ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ብዙ ሽፋን ያገኛል፤ ሽፋኑ ግን መድረኩን፣ የክብር እንግዳውንና የንግግሩን ርዝመት እንጂ ፈረሱን አይከተልም። ጉግሱን ማን እንዳሸነፈ፣ ፈረሱ የማን እንደሆነ፣ ፈረሰኛው በምን ብልሃት ከውርወራው እንዳመለጠ በአውኛና በአማርኛ የሚተርክ ኮሜንታተር ቢኖር በዓሉ ስፖርትም መሆኑ ይታይ ነበር። አሚኮ በአውኛ ስለሚያሰራጭ ቋንቋው ችግር አይሆንበትም። በጣና ዳርቻም ከደንገል በተሠራ ታንኳ የሚቀዝፉ ወጣቶች አሉ፤ ውድድር ቢዘጋጅላቸው ከሐይቁ የተሻለ ሜዳ የትም አይገኝም።

«መሣሪያው ውድ ነው» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በደረጃው ለማሳየት ብዙ ካሜራና የስርጭት መኪና ያስፈልጋል። ለከፍተኛ ሊግ ጨዋታ ግን የከሰዓት ፀሐይ ከኋላ እንድትሆን በምዕራብ በኩል ከመሐል መስመር ትይዩ ከፍ ባለ ቦታ የሚቆሙ ሁለት ካሜራዎች ይበቃሉ፤ አንዱ ሜዳውን በስፋት፣ ሌላው ተጫዋቹን በቅርበት ይይዛል። ውጤትና ሰዓት የሚጽፍ ላፕቶፕ፣ ለድምፅ ጥሩ ማይክሮፎን፣ የተጫዋቾቹን ስም ከነአባታቸው አጥንቶ የመጣ ኮሜንታተር ሲጨመሩ ሥራው ይሠራል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍልም የስፖርት አካዳሚም አለው፤ ተማሪዎቹ ከመምህር ጋር ሆነው በየሳምንቱ አንድ ጨዋታ ቢቀርጹ ለጣቢያው የሰው ኃይል፣ ለእነሱም ልምምድ ይሆናል።

የገንዘቡ ጉዳይ ከመሣሪያው ይከብደኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የቢራን ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ካስወጣ በኋላ ስፖርት ትልቁን ስፖንሰሩን አጥቷል፤ ክፍተቱን ለመሙላት ፈጥነው የመጡት ደግሞ የውርርድ ድርጅቶች ናቸው። ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ በቤትኪንግ ስም ተጠርቷል፤ የዳይመንድ ጣቢያዎችም መጀመሪያ የቁማር ኩባንያውን የባሊን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የውርርዱን የፋንዱኤልን ስም ይዘዋል። የተማሪዎችን ውድድር የሚያሳይ ጣቢያ ይህን ገንዘብ ባይነካው እመርጣለሁ፤ ባንኮች፣ የሲሚንቶና የዘይት ፋብሪካዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ የሚከፍሉት ቢያንስም።

ቴሌቪዥን ስታዲየሙን ባዶ ያስቀራል የሚል ሥጋት ያላቸው የክለብ አመራሮች ይኖራሉ። የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል)ም ለብዙ ዓመታት ትኬቱ ያላለቀን ጨዋታ በዚያው አካባቢ እንዳይታይ ሲከለክል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ክልከላውን አንሥቷል። የእኛ የታችኛው ሊግ ክለቦች ከበር የሚሰበስቡት ገቢ ትንሽ ስለሆነ የሚያጡትም ትንሽ ነው፤ ማሊያቸው በቴሌቪዥን ሲታይ ግን ለስፖንሰር የሚያሳዩት ነገር ያገኛሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ መፈረም ያለበት ውሉ ነው። አሚኮ ከክልሉ ስፖርት ፌዴሬሽኖችና ከክለቦቹ ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ፣ የቀጥታ ስርጭቱን መብት ለተወሰኑ ዓመታት ይውሰድ፤ የተቀረጸው ምስል ግን ለጣቢያውም ለክለቡም የጋራ ይሁን፤ አንድ ቅጂ በክለቡ እጅ ይቀመጥ፤ ተጫዋቹም ለሌላ ክለብ ለማሳየት በጠየቀ ጊዜ ያለ ክፍያ ይሰጠው። ውሉ ላይ የመብቱ ዋጋ አንድ ብር ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ችግር የለውም፤ ነገ ገዢ ሲመጣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቃል።