ኮንቴይነሩንስ ለምን ረሳችሁት
ስለ አገር እድገት ያወጣችሁት ጽሑፍ አሪፍ ነው ግን እድገትን ሁሉ ከመንግስት ፖሊሲ ጋር ብቻ አያይዞ መጨረሱ አልተዋጠልኝም። የዕቃ ማጓጓዣ ወጪ የሚባለው ነገር ብቻውን ስንቱን ከተማ አንስቷል ስንቱን ጥሏል። ኮንቴይነርን እዩት እስቲ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. በትራክ ሥራ ያደገ ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ 58 የብረት ሳጥን መርከብ ላይ ጭኖ ከኒውጀርሲ ወደ ሂዩስተን ላከ፣ ከዛ በፊት እኮ እያንዳንዱ ጆንያና በርሜል በሰው ትከሻ ነው የሚወርደው መርከቡ ወደብ ላይ ቀናት ሲብስም ከሳምንት በላይ ቆሞ ይውላል፣ ስርቆቱ ደሞ ለብቻው ነው። በቶን 6 ዶላር ገደማ የነበረው የመጫኛ ወጪ ከ20 ሳንቲም በታች ወረደ ይባላል!

ከዛ በኋላ ፋብሪካ ከገዢው አጠገብ መሆኑ ቀረና ጉልበት ርካሽ ወደሆነበት መሄድ ጀመረ። ለንደን ላይ ትልልቆቹ መርከቦች ጥልቅ ውሃ ፍለጋ ሌላ ወደብ ሲሄዱ አሮጌዎቹ ዶኮች (የመርከብ መጫኛና ማራገፊያዎቹ) ተራ በተራ ተዘጉ፣ የመጨረሻዎቹ በ1981 ነው፣ ስንት ሺ ሰው ከነሙያው ሜዳ ላይ ቀረ (የሠራተኛ ማህበራቸው ጠንካራ ነበር ግን ምን ያድርግ)።

ፖሊሲ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም ሲንጋፖር ገና በ1972 የኮንቴይነር ወደብ ከፍታ ቀድማ ጠበቀች፣ ግን እሷም ብትሆን ነፋሱን አይታ ነው ሸራዋን የዘረጋችው፣ ነፋሱን አልፈጠረችውም። ጸሐፊው ይሄን ገልብጦ ነው ያቀረበው።