ይድረስ ለወይዘሮ «ሳንቲም ነኝ ባይ»፣ ነጋዴ በሳንቲም ፈንታ ላሠራት መዳብ

ኒውዮርክ፣ ጁን 1864 እ.ኤ.አ.

ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን እንዳልልሽ አልናፈቅሽም፤ ኪሳችን ሙሉ አንቺው ነሽ።

መቼም ጦርነት ነው፣ እንችለዋለን ብለን ነበር። የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ እርስ በርስ ሲታኮሱ ሰው ወርቁን ደበቀ፣ ብሩን ደበቀ፣ በ1862 ጭራሽ አንድ ሳንቲሟም ጠፋች። መልስ የለም! በቴምብር ተገበያየን። ቴምብር ላብ ሲነካው ኪስ ሙጫ በሙጫ ይሆናል። ጆን ጎልት የሚባል ብልጥ ቴምብሩን ናስ ውስጥ አሽጎ ፊቱን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ማዕድን፣ በሚካ ሸፈነው፤ እሱም አልበቃም።

ከዚያ አንቺ ከች አልሽ። ነጋዴው ሁሉ ማስታወቂያውን መዳብ ላይ እያስቀረጸ «እንካ መልስ» አለን። አንዳንድሽማ ጉድ ነሽ። ጀርባሽ ላይ «አንድ ሳንቲም» በጉልህ ተጽፎ፣ እዚያው አጠገቡ «አይደለም» የምትል ደቃቃ ቃል ተሸጉጣለች። ዳኛ ፊት «አይደለሁም ብያለሁ» ልትዪ፣ እኛ ጋ ግን ሳንቲም ልትሆኚ! በሻማ ማን ያያታል?

የቢራ ቤቱ የሊንደንሙለር ደግሞ ባሰ። ከሚሊዮን በላይ በተነሽ። የሦስተኛው ጎዳና የፈረስ ባቡር ኩባንያ ከተሳፋሪ የለቀመውን ይዞ «በገንዘብ ለውጥልን» ቢለው ሳቀበት፤ ኩባንያውም ምንም ማድረግ አልቻለም። ባቡር ያለው እንዲህ ከተሳቀበት፣ እኔ ሦስቷን ይዤ ብሄድ ምን ሊለኝ ነው? ቢራ ጠጣባት ይለኛል። የቢራውን መልስ በምን ይሰጠኛል? ባንቺው!

(ሐበሾች በአሞሌ ጨው ይገበያያሉ አሉ። አሞሌ የሚቀበላት ብታጣ ወጥ ውስጥ ትገባለች። አንቺን ማን ይቀቅልሻል?)

አሁን ደግሞ ኮንግረስ ነቃ። ሳንቲም ሲጠፋ የቴምብር ሥዕል ያለበት የወረቀት ገንዘብ እያተመ ያደለን መንግሥት ጁን 8 ላይ ሕግ አወጣ፤ እስከ 5 ዓመት እስራት። ያሠራሽ ብቻ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ የከፈለብሽም አለበት! ሊንደንሙለር ቢራውን ሸጦ ጨርሷል፣ እኔ ወንጀለኛ ልሆን ነው። ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ እንዳልጥልሽ ካህኑ ቀድመው አውቀውሻል፤ ባለፈው ሳምንት ሳጥኑን ገልብጠው አንድ በአንድ ሲለቅሙሽ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

አክባሪሽ ያልሆንኩት፣
የሦስተኛው ጎዳና ተሳፋሪ