ቃልን ከነሥሩ መያዝ

ስለ እንግሊዝኛ ቃላት አጠናን የወጣ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ ጸሐፊው በቀን 20 አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል ሸምድዱ ብለው መክረዋል። ምክሩን አከብራለሁ፤ ለእኔ ግን አልሆነልኝም። ጠዋት የያዝኩት ማታ ይጠፋል።

ቃልን በሥሩና በቅጥያው የመያዙ ነገር የተገለጠልኝ የነርሲንግ ተማሪ ሳለሁ ነው፣ ያውም በአንድ የጨጓራ በሽታ ስም። ጋስትራይተስ የሚለውን ቃል ያልሰማ የለም አይደል? "ጋስትር" በግሪክ ሆድ ማለት ነው። "አይተስ" የሚለው ቅጥያ ደግሞ መቆጣትን፣ ብግነትን ያመለክታል። ሄፓታይተስ ሲሆን የጉበት፣ አርትራይተስ ሲሆን የመገጣጠሚያ፣ ኔፍራይተስ ሲሆን የኩላሊት። በአንዲት ቅጥያ ስንት በር ተከፈተልኝ!

ደግሞ እኮ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ስብርባሪ የሚሉትን ለየብቻ የሸመደደ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ሥሩ ሦስት ፊደል ነው፣ ሌላው ከዚያ ይረባል። ተማሪዎች ከዚህ ቢጀምሩ እንግሊዝኛው እንዲህ ባላስፈራቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከእንግሊዝኛ ቃል ፊት የሚገባው "ኢን" ብዙ ጊዜ አፍራሽ ነው፤ ኢንቪዚብል የማይታይ ማለት ነው። ኢንፍላመብል ግን "የማይቀጣጠል" አይደለም። ቶሎ የሚቀጣጠል ነው፣ ከፍላመብል ጋር ፍቺው አንድ! በርሜል ላይ ይህን አንብቦ በግምት የሄደ ሰው ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። እኔ እስካሁን በሥሩ የገመትኩትን ቃል መዝገበ ቃላት ሳላይ አላልፍም።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ወደዚህ የሥርና የቅጥያ ጉዳይ ቢመለሱ ደስ ይለኛል።