ግብር እና ገበሬ፤ በፔንሲልቬንያና በጎጃም

ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ሕዝቡ የአሜሪካን ኮንግረስ ሕንፃ፣ ካፒቶልን ሰብሮ የገባ ዕለት፣ እዚህ ቨርጂንያ ያለው አበሻ ሁሉ አፍ ላይ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ «አሜሪካም እንደኛ ሆነች!» እስከ ዛሬም ለቅሶ ቤት ብትቀመጡ፣ ኤርፖርት ተራ ከሚጠብቁት ታክሲ ነጂዎች ጋር ብታወጉ ትሰሙታላችሁ። ፈረንጅ ሲፈጠር ጀምሮ ሕግ አክባሪ ነው፣ እኛ ደግሞ መስማማት አልፈጠረብንም እንደ ማለት ነው። ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። አሜሪካ ገና ለጋ ሳለች የነበረውን ጠብ ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

የዊስኪውን ዓመፅ ውሰዱ (የአሜሪካውን ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው)። በ1791 የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሐሚልተን የነጻነት ጦርነቱን ዕዳ ለመክፈል በአገር ውስጥ በሚወጣ መጠጥ ላይ ግብር አስጣሉ። ለምዕራብ ፔንሲልቬንያ ገበሬ ዊስኪ ኑሮው ነበር። እህሉን በፈረስ ጭኖ የአሌጌኒን ተራራ ቢያሻግር የማጓጓዣው ወጪ ትርፉን ይበላበታል፤ አረቄ አድርጎ ከጫነው ግን በዚያው ፈረስ እጥፍ ድርብ ያገኝበታል። ጥሬ ገንዘብ እንደ ልብ ስለማይገኝ ዊስኪው ራሱ እንደ ገንዘብ ይከፈልበት ነበር። አልከፈልክም ተብሎ የተከሰሰው ደግሞ ለፍርድ ፊላደልፊያ ድረስ ይጠራል፤ ወደ 300 ማይል ገደማ፣ በዚያ ዘመን መንገድ! ደጅ ጥናት የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር።

ገበሬው ቀረጥ ሰብሳቢዎቹን ሬንጅ እየቀባ ላባ ያለብሳቸው ጀመር። በጁላይ 1794 የግብሩን ተቆጣጣሪ የጆን ኔቪልን ቤት አቃጠሉት። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ፒትስበርግ አጠገብ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ተሰበሰበ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን 13,000 የሚጠጋ ሚሊሻ አስከተቱ፤ ራሳቸውም እስከ ቤድፎርድ ድረስ ከጦሩ ጋር ሄዱ። ጦሩ ሲደርስ የሚገጥመው አላገኘም። በአገር ክህደት ሞት የተፈረደባቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱንም ፕሬዚዳንቱ ማሯቸው። (ዋሽንግተን ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ምን ሠሩ ቢባል፣ ማውንት ቨርነን ርስታቸው ላይ በ1799 ብቻ ወደ 11,000 ጋሎን ዊስኪ አስወጡ። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን ይዘነው የምንሄድበት ቦታ ነው።)

የእኛን ደግሞ እንይ። በ1960 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1967/68) የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተበት፣ በአውሮፕላንም አስደበደበው። በመጨረሻ ግን ጃንሆይ አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አነሱ፣ ውዝፉንም ግብር ማሩ። እስከዚህ ድረስ የሁለቱ ታሪክ መንታ ነው ማለት ይቻላል። ጦርም ምሕረትም በሁለቱም ቤት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ የተለያየው። የፔንሲልቬንያው ገበሬ ቂሙን ይዞ ወደ ምርጫ ሄደ። ግብሩን የተቃወመው የቶማስ ጄፈርሰን ወገን አሸነፈ፤ በ1802 ግብሩ ተሻረ። ጎጃሜው ቂሙን ይዞ ወዴት ይሂድ? ፓርላማ አለ፣ እንደራሴም ይመረጣል፤ ነገር ግን ፓርቲ የሚባል ነገር አልተፈቀደም፣ አዋጁን ያጸደቀውም ያው ፓርላማ ነው። ብዙ ሳይቆይ የሁላችንንም ቂም ወታደሩ ተረከበው፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስድሳ የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

አሜሪካኖቹ ተከባብረው አይደለም ይህን ያለፉት። በ1798 ኮንግረስ ውስጥ የጄፈርሰን ወገን የሆነው የቬርሞንት እንደራሴ ማቲው ላየን የተቃራኒው ወገን እንደራሴ ሮጀር ግሪስወልድ ፊት ላይ ተፋበት። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግሪስወልድ ከዘራ ይዞ መጣና እዚያው አዳራሹ ውስጥ ይቀጠቅጠው ገባ፤ ላየንም የምድጃውን መቆንጠጫ አንሥቶ መለሰለት። በዚያው ዓመት መንግሥትን ያጠለሸ የሚታሰርበት ሕግ ወጣ፤ ላየን አራት ወር እስርና 1,000 ዶላር ተፈረደበት። የመረጠው ሕዝብ ግን እስር ቤት ሳለ መልሶ መረጠው። በ1801 ለፕሬዚዳንትነት ጄፈርሰንና የገዛ ወገኑ ሰው አሮን በር እኩል ድምፅ አግኝተው፣ ምክር ቤቱ በየስቴቱ እየተቆጠረ 36 ጊዜ ድምፅ ሲሰጥ፣ በመጨረሻው ዙር የቬርሞንቱ ሌላው እንደራሴ፣ የተቃራኒው ወገን ሰው፣ ድምፁን ሲነፍግ ቬርሞንትን ለጄፈርሰን ያስገኘው ይኸው የትናንት እስረኛ ነው። በምርጫው የተሸነፉት ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ የጄፈርሰንን በዓለ ሢመት ላለማየት ጎሕ ሳይቀድ ከተማውን ለቀው ሄዱ። አኩርፈው ሄዱ፤ ቢሆንም ሄዱ።

ይህን ሰምቶ ለአሜሪካ የሚያጨበጭብ ወዳጅ አያጡም፤ እሱ ግን ይህንንም ይስማ። በ1800 ሪችመንድ አጠገብ ጋብሪኤል የሚባል ባሪያ አንጥረኛ ወገኖቹን ለነጻነት አስተባብሮ ነበር፤ ዶፍ ዝናብ አዘገየው፣ ምስጢሩም ወጣ። እሱን ጨምሮ ከሃያ በላይ ሰው ተሰቀለ። ግብር አልከፍልም ብሎ ቤት ያቃጠለው ምሕረት አገኘ፤ ማንንም ሳይነካ የተያዘው ጋብሪኤል ገመድ ገባለት። የዚያ ሰው ልጆች ቂማቸውን ይዘው የሚሄዱበት ምርጫ አልነበራቸውም። ከባርነት ከወጡም በኋላ ቨርጂንያ ድምፅ ለመስጠት ግብር ታስከፍል ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በ1966 ነው፤ ጎጃም ሊያምፅ ሁለት ዓመት ሲቀረው።