እናቷ ከቤት ያስወጣቻት ተዋናይት

የሲስሊ ታይሰን የሕይወት ታሪክ «ጀስት አዝ አይ አም» ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2021 ነው። ከሁለት ቀን በኋላ አረፈች፤ 96 ዓመቷ ነበር። ይህች ጥቁር አሜሪካዊት ከስድሳ ዓመት በላይ በመድረክና በፊልም ስትሠራ ኖራ፣ ቃሏን ለአንባቢ አስረክባ ሄደች።

መጽሐፉን ሜሪላንድ ከሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት ተውሼ ነው የጀመርኩት። ከእጄ ሊወጣ ስላልቻለ የራሴን ገዝቼ ደብረ ብርሃን ድረስ ይዤው መጣሁ። የያዘኝ የሽልማቶቿ ወሬ አይደለም፤ በ88 ዓመቷ ቶኒ የሚባለውን የአሜሪካ ትያትር ሽልማት መውሰዷ እንኳን ሁለተኛ ነገር ነው። የያዘኝ የእናቷ ጉዳይ ነው። ወላጆቿ ኔቪስ ከምትባል የካሪቢያን ደሴት ወደ ኒው ዮርክ የተሰደዱ ናቸው። እናቷ ጥብቅ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበረች። ሲስሊ ተዋናይ ልሆን ነው ስትላት ከቤት አስወጣቻት፤ ለረጅም ጊዜም አላናገረቻትም። ትያትር ለእናትየዋ የኃጢአት ሰፈር ነበር።

ይህን ሳነብ የኒው ዮርኩ ሐርለም ሰፈር ቀርቶ መንዝ ታየኝ። በእኛም ዘንድ መድረክ ላይ የወጣች ልጅ «አዝማሪ ሆነች» ተብላ ለቤተሰብ መሰደቢያ ትሆን ነበር። እታለም የምንላት አክስቴ በደርግ ጊዜ እዚህ ደብረ ብርሃን የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበረች። ድራማ ላይ የጭሰኛ ሚስት ሆና ስትጫወት አዳራሹ ያለቅስ እንደነበር ያዩ ሰዎች ዛሬም ያወራሉ። አያቴ ወሬው መንዝ ሞላሌ ሲደርሳት ተነሥታ መጣች፤ ልጇን ከልምምድ ላይ እጇን ይዛ አወጣቻት። ዓመት ሳይሞላ ተዳረች።

ሁለቱም እናቶች የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ልጃቸውን የሚወዱ ነበሩ። ልዩነቱ ከበሩ ውጭ ያለው ነው። ታይሰን ከቤት ስትወጣ በሞዴልነት እየሠራች የምታድርበት ከተማ ነበራት። እታለም ከእናቷ እጅ ብትወጣ ግን በዚያ ጊዜ ለአንዲት ልጃገረድ ቤት የሚያከራይ ሰው አልነበረም።

ታይሰንም በእ.ኤ.አ. 1972ቱ «ሳውንደር» ፊልም የሉዊዚያና ጭሰኛ ሚስት ሆና ተጫውታ ለኦስካር ታጭታለች። ፊልሙን ስታስተዋውቅ አንድ ነጭ ጋዜጠኛ፣ ጥቁሩ ልጅ አባቱን «ዳዲ» ብሎ ሲጠራ ቅር እንዳለው ነገራት፤ የገዛ ልጁ እሱን የሚጠራው እንደዚያው ነበርና። ከዚያ ወዲህ ጥቁርን የሚያዋርድ ገጸ ባሕርይ አልጫወትም አለች። ሥራ አጥታ የተቀመጠችበት ጊዜ ቢኖርም ከቃሏ አልወረደችም። አሜሪካ ውስጥ ሁሉ ነገር የተመቻት መስሎ እንዳይታይብኝ ነው ይህን ማንሣቴ።

ግን ጻፈችው። ሚሼል በርፎርድ የምትባል ጸሐፊ አብራት ተቀምጣ ሠራች፤ አሳታሚ ወጪውን ቻለ፤ ቤተ መጻሕፍት ገዝተው ለእንደኔ ያለው አዋሱ። እኛ ጋ የሕይወት ታሪኩን የሚያሳትም ሰው ብዙውን ጊዜ ከኪሱ ነው፤ ተበድሮ አሳትሞ፣ በምርቃቱ ቀን ወዳጅ ዘመድ ይገዛለታል።

ሰሜን ሸዋ ለትያትራችን ባዳ አይደለም። «ፋቡላ»ን ጽፈው የዘመናዊ ትያትራችንን በር የከፈቱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሰያደብር ሰው ናቸው። የራሳቸውንም ሕይወት ጽፈው ትተውልናል፤ ያን መጽሐፍ ባናገኝ የዚያን ዘመን ስንቱን ነገር በጨለማ እንፈልገው ነበር። የተጉለቱ ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸውም ትያትር ደራሲ ነበሩ። ወንዶቹ ጽፈዋል። ሴቶቹስ? አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ ከመውጣቷ በፊት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ያንን በር የሰበረች ሴት በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ስታርፍ፣ ስለ እሷ ሌሎች ተናግረዋል፣ ዘጋቢ ፊልምም ተሠርቶላታል። እኔ የምመኘው በራሷ አንደበት ከልጅነቷ ጀምሮ የሚዘልቅ ወፍራም መጽሐፍ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ስሟ ለገነነው ይህ ካልሆነላት፣ የክፍለ ሀገር ኪነት ውስጥ ያለፉትን ማን ያስታውሳቸዋል?

የታይሰንን የእናት ምዕራፍ ለእታለም ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ሱፏን እየፈተለች አዳመጠችኝ።

«በኋላ ታረቁ?» አለችኝ።

«ታረቁ። እናቷ መድረክ ላይ አይታት ኮርታባታለች።»

«የእኔ አላየችኝም» አለች። «አንዴ ብታየኝ ኖሮ እኮ አትጎትተኝም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሳልጠይቃት ብዙ ነገረችኝ፦ መጋረጃው ከምን እንደተሰፋ፣ የጭሰኛውን ጥብቆ ከማን እንደተዋሱ፣ ግጥሙን ማን እንደሚያስጠናቸው። ሁሉንም በስልኬ ቀድቼዋለሁ።

ከእሷ ጋር የነበሩ ሴቶች ሸዋ ሮቢትና ዓለም ከተማ አሉ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ሲፈልጉ እነዚህን እናቶች ቢይዙ፣ ወጪው የመኪና መሳፈሪያና አንድ ስልክ ነው። ማሳተሚያውን አሜሪካ ያለን የሸዋ ልጆች ለአንድ ድግስ ከምናወጣው ልንሸፍነው እንችላለን። የእታለምን ቃል እኔ እየገለበጥኩት ነው፤ የሌሎቹን ለመቅዳት የሚነሣ ካለ የድርሻዬን አዋጣለሁ።